የዕጣ ሽልማትና ግብሩ፦ ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ዋጋ የመጨረሻ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በአሜሪካ ከሚኖሩ አንባቢዎቻችን የደረሱን ሲሆኑ፣ ሁሉም በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚያጠነጥኑ ናቸው። ጉዞ፣ መኪና ወይም የቤት ዕቃ በዕጣ የደረሰው ሰው፣ የዕጣው አዘጋጅ "ይህን ያህል ያወጣል" ብሎ በጻፈው ዋጋ ላይ ግብር የመክፈል ግዴታ አለበት ወይ? መልሳችን በዋናነት የፌዴራሉን ሕግ የተከተለ ነው።

"ባልተቀበልኩት ገንዘብ ላይ ግብር ልክፈል?"

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ አንድ የምግብ ኩባንያ ባወጣው የነፃ ዕጣ ለሁለት ሰው የሃዋይ ጉዞ ደርሶኝ እ.ኤ.አ. በ2025 ጥቅምት ወር ከእህቴ ጋር ሄጄ ተመለስኩ። በዕጣው ደንብ ላይ የሽልማቱ "ግምታዊ የችርቻሮ ዋጋ" 8,600 ዶላር ነው ተብሎ የተጻፈ ሲሆን፣ በጥር ወር በፖስታ የመጣልኝ ቅጽ 1099ም (ሰጪው የሰጠውን ገቢ የሚያሳውቅበት ወረቀት) ይህንኑ ቁጥር ይዟል። እኔ ግን የሄድንበት በረራ ለሁለታችን 1,240 ዶላር፣ ሆቴሉም ለአምስት ሌሊት ከነታክሱ 1,550 ዶላር ይሸጥ እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚህ ውጭ የተሰጠኝ የ500 ዶላር የስጦታ ካርድ ብቻ ነው። ግብሬን የሚሠራልኝ ሰው "ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ከማስገባት ሌላ አማራጭ የለም" ይለኛል። እውነቱ ይህ ነው?
አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ እህታችን፣ አማራጭ አለዎት። በሕጉ መሠረት ግብር የሚከፍሉት የዕጣው አዘጋጅ በጻፈው ዋጋ ላይ ሳይሆን፣ ሽልማቱ በእጅዎ በገባበት ጊዜ በነበረው ትክክለኛ የገበያ ዋጋ ላይ ነው። የፌዴራሉ የገቢ ግብር ሕግ አንቀጽ 74 ሽልማትን ከገቢ የሚቆጥር ሲሆን፣ አንቀጹን ለማስፈጸም የወጣው ደንብ ደግሞ ሽልማቱ ከጥሬ ገንዘብ ይልቅ ዕቃ ወይም አገልግሎት በሚሆንበት ጊዜ በገቢነት የሚመዘገበው የዕቃው ወይም የአገልግሎቱ ትክክለኛ የገበያ ዋጋ እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። ትክክለኛ የገበያ ዋጋ ማለት ለመግዛት የፈለገ ገዢና ለመሸጥ የፈለገ ሻጭ፣ አንዱም ሳይገደድ፣ ሁለቱም ስለ ዕቃው ተገቢውን እያወቁ የሚስማሙበት ዋጋ ነው። በዕጣ ደንብ ላይ የሚታተም ቁጥር ይህን ትርጉም የሚያሟላው አልፎ አልፎ ብቻ ነው።

ለምን እንደማያሟላ ማወቁ ከፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት ከአይአርኤስ ጋር ለሚኖርዎት ክርክር ስለሚጠቅም ጥቂት እንበልበት። ያ ቁጥር የሚጻፈው ዕጣው ከመውጣቱ ብዙ ወራት አስቀድሞ፣ ባለዕድሉ ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚነሣና መቼ እንደሚሄድ ሳይታወቅ ነው። በመሆኑም አዘጋጁ ከአገሪቱ ሩቅ ጫፍ የሚነሣ ተጓዥን፣ በዓመቱ ውድ የሚባለውን ወቅትና የሆቴሉን የተለጠፈ ሙሉ ዋጋ አስቦ ከፍተኛውን ይጽፋል። ደንቡም ለማስታወቂያ ብቻ የሚወጣ ወረቀት አይደለም፤ ለምሳሌ ኒውዮርክና ፍሎሪዳ የሽልማቱ ጠቅላላ ዋጋ ከ5,000 ዶላር የሚበልጥ ዕጣ አስቀድሞ እንዲመዘገብና ዋስትና እንዲያዝለት ስለሚጠይቁ፣ አዘጋጁ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ መጻፉ ይመቸዋል። የእርስዎን ደንብ እስከ መጨረሻው ቢያነቡት "በተጻፈው ግምታዊ ዋጋና በሽልማቱ ትክክለኛ ዋጋ መካከል የሚገኝ ልዩነት ለአሸናፊው አይከፈልም" የሚል ዓረፍተ ነገር ሳያገኙ አይቀሩም። ይህ ዓረፍተ ነገር በእጅዎ ያለ ትልቅ ማስረጃ ነው። የተጻፈው ዋጋና የተሰጠዎት ነገር ሊለያዩ እንደሚችሉ አዘጋጁ ራሱ አስቀድሞ አምኗል ማለት ነውና፣ ያንን ገጽ ኮፒ አድርገው ይያዙት።

ጉዳዩ በፍርድ ቤትም ታይቷል። ተርነር የተባሉ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1948 በአንድ የሬዲዮ ፕሮግራም አማካይነት ከኒውዮርክ ወደ ቦነስ አይረስ የሚወስዱና የሚመልሱ ሁለት የአንደኛ ማዕረግ የመርከብ ትኬቶች ደረሷቸው። ትኬቶቹን ለቤተሰባቸው በሚበቁ አራት ዝቅ ያለ ማዕረግ ያላቸው ትኬቶች ለውጠው ወደ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ተጓዙ። በገቢ መግለጫቸው ላይ 520 ዶላር ብቻ ሲያስመዘግቡ፣ መንግሥት ግን የትኬቶቹን ሙሉ የመሸጫ ዋጋ 2,220 ዶላር አድርጎ ጠየቃቸው። የግብር ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1954 በሰጠው ውሳኔ ከሁለቱም ወገን ቁጥር ርቆ 1,400 ዶላር ነው አለ። ትኬቶቹ ለሌላ ሰው ሊሸጡ የማይችሉ መሆናቸውን፣ ቤተሰቡም በራሱ ገንዘብ እንዲህ ያለ የቅንጦት ጉዞ የሚያደርግ እንዳልነበረ ተመልክቷል። ሆኖም ይህ ውሳኔ "ለእኔ ብዙ አይጠቅመኝም" በማለት ዋጋን እንደ ልብ ለመቀነስ ፈቃድ የሚሰጥ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ከዚያ በኋላ የመጡ ውሳኔዎች የሚያዘነብሉት ዕቃው በገበያ ላይ ስንት ያወጣል ወደሚለው እንጂ ተቀባዩ ምን ያህል ወደደው ወደሚለው አይደለም። የእርስዎ ክርክር ግን የሚቆመው በስሜት ላይ አይደለም፤ ያ በረራና ያ ሆቴል በዚያ ቀን ለማንም ሰው በስንት ይሸጡ ነበር በሚለው ላይ ነው። በዚህም የእርስዎ ጉዳይ ከተርነሮቹ ይልቅ ጠንካራ ነው ብለን እናምናለን።

ስለዚህ የሚያስመዘግቡት 1,240፣ 1,550 እና 500 ተደምሮ 3,290 ዶላር ነው። የስጦታ ካርዱ እንደ ጥሬ ገንዘብ ስለሚቆጠር ከእርሱ ላይ ምንም አይቀነስም። አየር ማረፊያ ድረስ መኪና ተልኮልዎት ወይም ቁርስ ተጨምሮልዎት ከሆነ የእነዚህንም ዋጋ ይደምሩ፤ ቁጥርዎ ሙሉ መሆኑ ራሱ ለተአማኒነትዎ ይረዳልና። የገቢዎ የላይኛው ክፍል 22 በመቶ የሚከፈልበት ከሆነ፣ በ8,600 ዶላር ላይ 1,892 ዶላር፣ በ3,290 ዶላር ላይ ግን 723 ዶላር ከ80 ሳንቲም የፌዴራል ግብር ይከፍላሉ። ሜሪላንድና የሚኖሩበት ካውንቲም በዚሁ ገቢ ላይ ድርሻቸውን ስለሚጠይቁ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል።

አሠራሩ የሚከተለውን ይመስላል። በመጀመሪያ ቅጹን ለላከልዎ ድርጅት በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ያሉዎትን የዋጋ ማስረጃዎች አያይዘው ለበረራውና ለሆቴሉ በእርግጥ ምን ያህል እንደከፈለ ይጠይቁ፣ ቅጹም እንዲታረም ያሳስቡ። አንዳንዱ ድርጅት የተስተካከለ ቅጽ 1099 ያወጣል፤ ይህ ከሆነ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። እምቢ ካለ ወይም ዝም ካለ፣ ሽልማቱን በዓመታዊው የገቢ መግለጫ (ቅጽ 1040) ተጨማሪ ሠንጠረዥ 1 ላይ ለሽልማት በተመደበው መስመር 8አይ በትክክለኛ ዋጋው ያስገቡና፣ በቅጹ ላይ የተጻፈው 8,600 ዶላር መሆኑን፣ እርስዎ 3,290 ዶላር ያስገቡበትን ምክንያትና ስሌቱን የሚያስረዳ አንድ ገጽ ጽሑፍ ያያይዙ። ቅጹን እንዳላዩት ሆኖ ማለፍ ግን ትልቅ ስሕተት ነው። የቅጹ አንድ ቅጂ አይአርኤስ ዘንድ ስላለ፣ ኮምፒውተሩ ሁለቱን ቁጥሮች አስተያይቶ ሲፒ 2000 የሚባለውን ማሳሰቢያ ሊልክልዎ ይችላል። ይህ ማሳሰቢያ ብዙዎችን የሚያስደነግጥ ቢሆንም ክስም ሆነ ሙሉ ምርመራ አይደለም፤ "አልስማማም" የሚለውን መርጠው በተሰጠዎት ቀነ ገደብ ውስጥ ያንኑ ማስረጃ መላክ ነው። ክርክሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ እንኳ፣ በቅጽ 1099 ላይ ምክንያታዊ ተቃውሞ ያቀረበና ከአይአርኤስ ጋር በሙሉ የተባበረ ግብር ከፋይ ሲኖር፣ መንግሥት በዚያ ወረቀት ላይ ብቻ ተደግፎ መከራከር እንዳይችል ሕጉ ተጨማሪ አሳማኝ መረጃ የማቅረብ ግዴታ ይጥልበታል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ማስረጃው ካለ ነው። የአውሮፕላን ትኬት ዋጋ ከሰዓት ሰዓት ስለሚለዋወጥ፣ ጉዞው ካለፈ በኋላ ያን ቀን ስንት ይሸጥ እንደነበር ማረጋገጥ አስቸጋሪ ነው። የበረራው ቁጥር፣ ቀኑ፣ የክፍሉ ዓይነትና ዋጋው በአንድነት የሚታዩበትን የስልክ ወይም የኮምፒውተር ስክሪን ፎቶ፣ ፎቶው የተነሣበት ቀን ሳይጠፋ ማስቀመጥ ይገባል። እርስዎ ዋጋውን "በዓይኔ አይቻለሁ" ብለውናል፤ ፎቶውን ያላስቀሩ ከሆነ ሆቴሉ በዚያ ሳምንት ያስከፍል የነበረውን ዋጋ በኢሜይል እንዲጽፍልዎ አሁኑኑ ይጠይቁ።

"መኪናውን ወዲያው ልሸጠው ነው"

ጥያቄ፦ በአንድ የገበያ ማዕከል ዕጣ አዲስ መኪና ደረሰኝ። መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ዋጋ 36,000 ዶላር ነው። ግብሩን ለመክፈል አቅም ስለሌለኝ ልሸጠው ወስኜ አንድ የመኪና ነጋዴ 29,500 ዶላር እሰጥሃለሁ አለኝ። የትኛውን ዋጋ ላስመዝግብ? ገንዘቡንስ እስከ ሚያዝያ ድረስ ማቆየት እችላለሁ? የምተዳደረው ኡበር በመንዳት ነው።
ከዳላስ፣ ቴክሳስ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ቴክሳስ የግለሰብ የገቢ ግብር ስለሌላት ጭንቀትዎ ከፌዴራሉ ጋር ብቻ ነው። አቅም አለመኖሩን በሚመለከት ብቻዎን አይደሉም፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2004 በኦፕራ ዊንፍሬ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ 276 ታዳሚዎች አዲስ የፖንቲያክ መኪና ሲሰጣቸው፣ ደስታው ሳይበርድ በየግላቸው በሺሕ የሚቆጠር ዶላር የገቢ ግብር እንደሚጠብቃቸው ተረዱ።

ዋጋውን በተመለከተ ከእርስዎ ጋር በጣም የሚቀራረብ የፍርድ ቤት ውሳኔ አለ። ማኮይ የተባለ ሻጭ አሠሪው ባካሄደው የሽያጭ ውድድር የሊንከን መኪና ተሸለመ። አሠሪው መኪናውን የገዛው በ4,452 ዶላር ከ54 ሳንቲም ነበር። ተሸላሚው በአሥር ቀን ውስጥ መኪናውን ለነጋዴ አስረክቦ 1,000 ዶላር ጥሬ ገንዘብና 2,600 ዶላር የሚያወጣ ሌላ መኪና ተቀበለ፤ በገቢ መግለጫውም ላይ 3,600 ዶላር አስመዘገበ። የግብር ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1962 ሲወስን መኪናው በተሸላሚው እጅ የነበረው ዋጋ 3,900 ዶላር ነው አለ። አዲስ መኪና ባለቤት ካገኘ በኋላ እንደ አዲስ ስለማይሸጥ፣ አሠሪው የከፈለው ሙሉ ዋጋ ተቀባይነት አላገኘም። ነጋዴ የሰጠው ዋጋም የመጨረሻ ማስረጃ ተደርጎ አልተወሰደም፤ ነጋዴ አትርፎ ለመሸጥ የሚገዛ ነውና።

ለእርስዎም ይህ መንገድ ይሠራል ብለን እናስባለን። ከአንድ ነጋዴ ይልቅ ከሦስት የጽሑፍ ዋጋ ይቀበሉ፤ ተመሳሳይ ሞዴል፣ ዓመትና ጥቂት ማይል ያላቸው መኪናዎች በግለሰቦች መካከል በስንት እንደሚሸጡ የሚያሳዩ ማስታወቂያዎችንም ይሰብስቡ። ከእነዚህ ተነሥተው ለምሳሌ 31,500 ዶላር ላይ ቢደርሱ፣ 36,000 ዶላርን ትተው ይህን ለማስመዝገብ በቂ መሠረት አለዎት። ሽያጩን ግን አያዘግዩት። መኪናውን ለግል ጉዳይ ጥቂት ወራት ነድተውት ከሸጡት፣ ዋጋው የቀነሰው በመጠቀምዎ ምክንያት ስለሚሆን ያ ልዩነት ከግብር ላይ አይቀነስልዎትም። ባስመዘገቡት ዋጋና በሸጡበት ዋጋ መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ በሆነ ቁጥርም ጥያቄ ያስነሣል።

የሚከፍሉበትን ጊዜ በተመለከተ፣ ሚያዝያን መጠበቅ ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። ኡበር የሚነዱ እንደመሆንዎ ከደመወዝ ላይ ተቆርጦ የሚቀመጥልዎ ግብር ስለማይኖር፣ በዓመት አራት ጊዜ ማለትም ሚያዝያ 15፣ ሰኔ 15፣ መስከረም 15 እና በቀጣዩ ዓመት ጥር 15 በፈረንጆች አቆጣጠር የሚከፈለውን ግምታዊ ግብር ያውቁታል። መኪናው በእጅዎ ከገባበት ጊዜ ቀጥሎ በሚመጣው ቀን የሽልማቱን ግብር ይጨምሩበት። የዘንድሮውን ጠቅላላ ግብር 90 በመቶ፣ ወይም ያለፈውን ዓመት ግብር 100 በመቶ በጊዜው ከከፈሉ ቅጣቱ አይነካዎትም፤ ያለፈው ዓመት ገቢያቸው ከ150,000 ዶላር በላይ ለሆነ ሰዎች ይህ ሁለተኛው 110 በመቶ ይሆናል።

አንድ ነገር አጥብቀን እናስጠንቅቅዎ። ሽልማቱ ከኡበር ገቢዎ ጋር በንግድ ገቢ ሠንጠረዥ ውስጥ እንዳይገባ። እዚያ ከገባ 15.3 በመቶ የሚደርሰው የግል ሥራ ግብር ይጨመርበታል፤ ሽልማት ግን የሥራ ገቢ ስላልሆነ ይህ ግብር አይመለከተውም። የግብር ሶፍትዌሮች ቅጽ 1099 ሲያዩ ከሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ይጠይቃሉ፤ በችኮላ "አዎ" ማለት ብዙ ገንዘብ ያስከፍላል።

"ስጦታ ግብር የለውም አይደል? ካልሆነስ ልተወው?"

ጥያቄ፦ የቤት ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት ባወጣው ዕጣ 12,000 ዶላር የሚገመት የሳሎን ዕቃ እንደደረሰኝ ተነገረኝ፤ ገና አልተረከብኩም። ጓደኞቼ በስጦታ ላይ ግብር የለም ይሉኛል። ግብር ካለው ደግሞ ወይ ለወንድሜ አሳልፌ እሰጠዋለሁ፣ ወይ ለቤተ ክርስቲያን እለግሰዋለሁ፣ ወይ እተወዋለሁ። የትኛው ይሻላል?
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ በሕግ ዓይን ይህ ስጦታ አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1960 ዱበርስታይን በተባለው ጉዳይ፣ አንድ ነጋዴ ለሥራ ወዳጁ በሰጠው የካዲላክ መኪና ላይ ሲወስን፣ ስጦታ የሚባለው ከፍቅር፣ ከአክብሮት ወይም ከርኅራኄ የመነጨና ጥቅም የማይፈለግበት ልግስና መሆኑን አስረድቷል። ሽያጩን ለማስተዋወቅ ዕጣ ያወጣ ድርጅት በዚህ ውስጥ አይገባም፤ አንቀጽ 74ም ሽልማትን ለይቶ በገቢነት አስቀምጦታል።

ለወንድምዎ ከተረከቡ በኋላ ቢሰጡት ግብሩ በእርስዎ ላይ ይቀራል፤ አብዛኛው ደንብም ሽልማትን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይከለክላል። ለቤተ ክርስቲያን መለገሱም ብዙዎች እንደሚያስቡት ሚዛኑን አያስተካክልም። መጀመሪያ ሙሉ ዋጋው በገቢዎ ላይ ይጨመራል፤ ከዚያ በኋላ ልገሳውን መቀነስ የሚችሉት ወጪዎችዎን በዝርዝር የሚያስገቡ ከሆነ ነው። እ.ኤ.አ. ለ2025 መደበኛው ተቀናሽ (ወጪ ሳይዘረዘር ከገቢ ላይ የሚቀነሰው መጠን) ላላገባ ሰው 15,750 ዶላር፣ አብረው ለሚያስገቡ ባልና ሚስት 31,500 ዶላር ስለሆነ፣ ብዙ ሰው በዝርዝር ማስገባት አያዋጣውም። ለመልካም ሥራ ብለው የሚሰጡ ከሆነ ይስጡ፤ ግብሩን አጠፋበታለሁ ብለው ግን አይስጡ።

መተው ግን በትክክል ይሠራል። አይአርኤስ እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣው ውሳኔ፣ የተሸለመውን የጉዞ ሽልማት ሳይቀበል የተወ ሰው ዋጋውን በገቢው ላይ መጨመር እንደሌለበት አስታውቋል። ስለዚህ የእርስዎ ትልቁ ጥቅም ገና አለመረከብዎ ነው። ዕቃው በገበያ ስንት እንደሚሸጥ በጥንቃቄ ያጣሩ፤ የቤት ዕቃ መደብሮች የሚለጥፉት "መደበኛ ዋጋ" ዓመቱን ሙሉ በቅናሽ የሚሸጡበትን እንደማይገልጽ ያውቃሉ። ድርጅቱ በምትኩ ጥሬ ገንዘብ ይሰጥ እንደሆነም ይጠይቁ፤ ቢያንስ በዋጋው ላይ ክርክር አይኖርብዎትም። ግብሩን ከእውነተኛ ዋጋው ላይ አስልተው፣ ዕቃውን በዚያ ገንዘብ ልግዛው ቢባሉ ይገዙት እንደሆነ ራስዎን ይጠይቁ። የማይገዙት ከሆነ፣ እንደማይቀበሉ በጽሑፍ ያሳውቁና ቅጂውን ያስቀምጡ፤ በጥር ወር ቅጽ 1099 በስሕተት ቢላክብዎት ይጠቅምዎታል።

እግረ መንገዳችንን አንድ የተስፋፋ አስተሳሰብ እናርም። "ከ600 ዶላር በታች ግብር የለውም" የሚባለው ልክ አይደለም። 600 ዶላር፣ እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ ደግሞ 2,000 ዶላር፣ አዘጋጁ ቅጽ 1099 እንዲልክ የሚያስገድደው መጠን ነው። ቅጹ ባይመጣም ሽልማቱን የማሳወቅ ግዴታው የባለዕድሉ ነው።

"ቁልፉን ሳይሰጡኝ ግብሩን ክፈል አሉኝ"

ጥያቄ፦ በቤተ ክርስቲያናችን ለሕንፃ ማሠሪያ በተዘጋጀ ቶምቦላ በ100 ዶላር ትኬት 25,000 ዶላር የሚያወጣ መኪና ደረሰኝ። ኮሚቴው ግን መኪናውን ከመስጠቱ በፊት ወደ 6,000 ዶላር ገደማ እንድከፍል ጠየቀኝ። ሽልማት ለማግኘት ገንዘብ ክፈሉ የሚል ሁሉ አጭበርባሪ ነው ሲባል ነው የሰማሁት። ምን ላድርግ?
ከሲያትል፣ ዋሽንግተን

መልስ፦ ኮሚቴው ትክክል ነው። ጥያቄዎም ተገቢ ነው፤ ልዩነቱ ያለው በነፃ ዕጣና በቶምቦላ መካከል ነው። ከላይ የተነጋገርንባቸው ዕጣዎች ምንም ሳይከፈል የሚገባባቸው ስለሆኑ አዘጋጁ ከዕቃ ሽልማት ላይ ግብር አይሰበስብም። ቶምቦላ ግን ትኬት የሚገዛበት በመሆኑ በሕጉ እንደ ውርርድ ይቆጠራል። የሽልማቱ ዋጋ የትኬቱ ዋጋ ተቀንሶለት ከ5,000 ዶላር የሚበልጥ ከሆነ፣ አዘጋጁ 24 በመቶውን ለአይአርኤስ የማስገባት ግዴታ አለበት፤ አዘጋጁ ቤተ ክርስቲያን መሆኑም ከዚህ ነፃ አያደርገውም። ሽልማቱ ዕቃ ሲሆን ከላዩ ላይ የሚቆረጥ ነገር ስለማይኖር፣ ባለዕድሉ ያን ገንዘብ አስቀድሞ ለአዘጋጁ ይሰጣል። በእርስዎ ጉዳይ 24,900 ዶላር በ24 በመቶ ሲሰላ 5,976 ዶላር ይመጣል። ኮሚቴው ሽልማቱንና የተከፈለበትን ግብር የሚያሳየውን ደብልዩ-2ጂ የተባለውን ቅጽ ሊሰጥዎ ይገባል፤ የከፈሉትም ገንዘብ በዓመቱ መጨረሻ ከሚፈለግብዎ ግብር ላይ ይታሰብልዎታል፣ ከበለጠም ይመለስልዎታል። ኮሚቴዎችም ይህን ግዴታ ትኬቱ ላይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ቢያትሙት መልካም ነው፤ ባለዕድሉ በደስታው ቀን ሲሰማው ጠብ የተነሣባቸው ቦታዎች አሉ።

የሰሙት ማስጠንቀቂያ ግን ለሌላው ሁሉ እውነት ነው። ትኬት ሳይገዙ፣ እንዲያውም ስምዎን ሳያስገቡ "ሽልማት ደርሶዎታል፤ ግብሩን በስጦታ ካርድ፣ በሐዋላ ወይም በክሪፕቶ ይላኩ" የሚል ደዋይ ያለጥርጥር አጭበርባሪ ነው። የነፃ ዕጣ ግብር የሚከፈለው በገቢ መግለጫ በኩል በቀጥታ ለመንግሥት ነው። እውነተኛ አዘጋጅ ደብልዩ-9 በተባለው ቅጽ ላይ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር መጠየቁ የተለመደ ቢሆንም፣ ቁጥሩን ከመስጠትዎ በፊት የድርጅቱን ስልክ በራስዎ ፈልገው፣ በደወለልዎ ሰው በተሰጠዎት ቁጥር ሳይሆን ባገኙት ቁጥር ደውለው ያረጋግጡ።

ስለ ጤና መድን

ጥያቄ፦ የጤና መድኔን በመንግሥት ድጎማ ነው የምከፍለው። በዚህ ዓመት የ7,000 ዶላር የዕቃ ሽልማት ደረሰኝ። ድጎማውን ይነካብኛል?
ከኮለምበስ፣ ኦሃዮ

መልስ፦ ሊነካው ይችላል። ሽልማቱ ዕቃ ቢሆንም የዓመቱን ገቢዎን ከፍ ስለሚያደርግ፣ ድጎማው የሚሰላበት መጠን ይለወጣል። እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ድረስ በትርፍ የተወሰደ ድጎማ ሲመለስ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች ጣሪያ የነበረው ሲሆን፣ ከ2026 ጀምሮ ግን ያ ጣሪያ ስለተነሣ በትርፍ የወሰዱት በሙሉ ይጠየቃል። ስለሆነም ሽልማቱን በተቀበሉ በ30 ቀን ውስጥ ድጎማ ያለው መድን በገዙበት የመድን ገበያ አካውንትዎ ላይ የገቢ ለውጥ ያስመዝግቡ። የሚያስገቡት ቁጥር ከላይ በመጀመሪያው መልስ እንዳስረዳነው የዕቃው እውነተኛ የገበያ ዋጋ ነው፤ በገቢ መግለጫዎ ላይ ከሚያስገቡት ጋርም አንድ መሆን አለበት።